በያንግትዜ ወንዝ ላይ አራት ቀናት



ቻይና ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚታወሰን ዕቃ ነው። ቴርሞሱ፣ ጫማው፣ ስልኩ፣ የልጆቹ ቦርሳ ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ከመርካቶ ተነስተው ጓንግዡ የሚመላለሱት ወንድሞችና እህቶችም ቢሆኑ ይበልጥ የሚያውቁት ገበያውን፣ መጋዘኑንና የጭነቱን ሚዛን ነው። ቀን ተቆጥሮ፣ ገንዘብ ተቆጥሮ የሚኬድበት አገር ስለሆነ ወንዝ ለማየት ጊዜ የሚተርፈው ሰው እምብዛም ነው። እኔና ባለቤቴ ግን የሄድነው ለንግድ አልነበረም። ልጃችን ዉሀን በምትባል ከተማ ይማር ስለነበር እሱን ልናይ ነው የሄድነው። ጊዜውም በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ፣ እ.ኤ.አ. የ2018 ኅዳር መግቢያ ላይ ነበር።

ልጁ አንድ ማሌዥያዊ የክፍል ጓደኛ አለው። የዚህ ልጅ አጎት ከአገሩ ቤተሰቦችን ሰብስቦ ያንግትዜን በመርከብ ሊያስጎበኝ ይመጣ ነበርና ከመጓዛቸው በፊት ሦስት ሰዎች ቀሩበት። እኛም በእነሱ ቦታ ገባን። ቡድኑ ሃያ ስድስት ሰው ነው፤ ሁሉም ሙስሊሞች፣ አብዛኞቹም በዕድሜ የገፉ፣ ጥቂቶቹ የልጅ ልጆቻቸውን ያስከተሉ። ከእነሱ ጋር መሆናችን ምን ያህል እፎይታ እንደነበረ የቤተሰብ ኃላፊ የሆናችሁ ሁሉ ትረዱኛላችሁ። በቻይና ከተሞች የሙስሊም ምግብ ቤት ማግኘት ብዙም አያስቸግርም። «ቺንግ ጄን» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበትን በር መፈለግ ነው። ትርጉሙ «ንጹሕና እውነተኛ» ማለት ነው ይላሉ። ከሰሜን ምዕራብ የመጡ ሙስሊሞች የበሬ ሥጋ ሾርባ ከፓስታ መሰል ሊጥ ጋር የሚሸጡባቸው ትንንሽ ቤቶች በብዙ ከተማ አሉ። መርከብ ላይ ግን የት ይኬዳል? ሦስት ሌሊትና አራት ቀን ከአንድ ወጥ ቤት ጋር መታረቅ ግድ ነው።

የቡድኑ መሪ ጉዳዩን ቀደም ብሎ ጨርሶት ኖሯል። ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሩዝና አትክልት ብቻ፤ መጥበሻው አዲስ፤ ወጥ ውስጥ የሚጨመረው የሩዝ ወይን ጠጅ ጨርሶ የማይነካ። አብሳዩ በመጀመሪያው ቀን ተገርሞ፣ በሁለተኛው ቀን ተላምዶ፣ በሦስተኛው ቀን አዲሱን መጥበሻ ከፍ አድርጎ እያሳየን ይስቅ ጀመር። ማሌዥያውያኑ ሳምባል የሚሉትን የተፈጨ ቃሪያ በብልቃጥ ይዘው መጥተዋል። ባለቤቴ ደግሞ ያለ በሶ፣ ያለ ድርቆሽና ያለ ሚጥሚጣ ከቤት አትወጣም። በመጀመሪያው ራት ላይ ሳምባልና ሚጥሚጣ ተለዋወጡ። ከዚያ ወዲያ ቋንቋ ሳያስፈልጋቸው ሴቶቹ ዘመዳሞች ሆኑ።

የተሳፈርነው በማታ ከቾንግቺንግ ነው። ቾንግቺንግ በኮረብታ ላይ የተደራረበች፣ ሕዝቧ እንደ አሸዋ የበዛ ከተማ ናት። መርከቦቹ የሚነሱበት ቦታ ጂያሊንግ የሚባለው ወንዝ ከያንግትዜ ጋር የሚገናኝበት ሲሆን፣ ቀን ላይ ለደረሰ ሰው የሁለቱ ውኃ ቀለም ሳይቀላቀል ጎን ለጎን ሲሄድ ይታያል። ቻይናውያን ራሳቸው ወንዙን ቻንግ ጂያንግ፣ ማለትም ረጅሙ ወንዝ ይሉታል። ርዝመቱ ወደ 6,300 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በዓለም ሦስተኛ ነው፤ የመጀመሪያውን ደረጃ ብዙዎች የሚሰጡት የእኛ አባይ ለሚገብርለት ለናይል ነው። ይህን ለማሌዥያውያኑ ስነግራቸው ደስታዬን አላሸሸግሁም።

ስለ ሶላት መጠየቃችሁ አይቀርምና እርሱን ልንገራችሁ። ከዚያ ሆኖ ቂብላው ወደ ምዕራብ፣ ጥቂት ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። መርከቡ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚወርድ በጥቅሉ የምንሰግደው ፊታችንን ወደ መርከቡ ኋላ አዙረን ነበር። ግን ወንዙ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ገደሉን ተከትሎ ይጠማዘዛል። አንድ ጊዜ ዙህርና ዐስርን አጣምረን ስንሰግድ መርከቡ ስለዞረ ኢማማችን የነበሩት ሽማግሌ ቀስ ብለው ወደ ግራ ዞሩ፤ እኛም ተከትለን ዞርን። ኋላ የቆመች አንዲት ትንሽ ልጅ ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም። ከሶላት በኋላ ሽማግሌው ልጅቱን ጠርተው፣ በመርከብ ላይ የሚሰግድ ሰው የቻለውን ያህል ቂብላውን ተከትሎ እንደሚዞር አስረዷት። እኔም የተማርሁትን ቃል በአካሌ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከቾንግቺንግ በታች ባለው ዳርቻ በመጀመሪያው ቀን የምታዩት ከተማ፣ ፋብሪካና ድልድይ ነው። ፌንግዱ የሚባል፣ ስለ ወዲያኛው ዓለም ቅጣት የሚያሳዩ ምስሎች የሞሉበት የቤተ ጣዖት ኮረብታ አለ። ከእኛ አብዛኞቹ አልወረዱም፤ እኔም ስለ እሱ የምለው የለኝም። ሺባኦጃይ ግን ዓይን ይስባል። በቋጥኝ ላይ ተለጥፎ የተሠራ አሥራ ሁለት ፎቅ ያለው የእንጨት ሕንፃ ነው። ውኃው ሲነሳ ዙሪያውን በግንብ አጠሩለትና ዛሬ ደሴት ሆኖ ቆሟል።

«ውኃው ሲነሳ» አልኋችሁ። ይህን ቃል በመርከቡ ላይ ደጋግመን ሰማነው። ጉዳዩ የገባን ግን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው።

ያን ቀን ሁሉም ገና በጎህ ሰገነቱ ላይ ወጣ። ሦስቱ ሸለቆዎች የሚባሉት ቹታንግ፣ ዉ እና ሺሊንግ ናቸው። ቹታንግ ከሦስቱ አጭሩ ነው፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ። ነገር ግን ሰው የሚጓጓው እሱን ለማየት ነው። በመግቢያው ሁለት ቋጥኞች ግራና ቀኝ እንደ በር መዝጊያ ቆመዋል። አስጎብኚያችን ሁላችንንም የአሥር ዩዋን ብር አውጡ አለችን። አውጥተን ብናገላብጠው በጀርባው ላይ የታተመው ያው በር ነው! ሽማግሌዎቹ ብሩን ወደ ላይ አንስተው ከተራራው ጋር እያስተያዩ ፎቶግራፍ ተነሱ። ደመናው በገደሉ ወገብ ላይ ተኝቶ ነበር። ውኃው አረንጓዴና ጸጥ ያለ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሰው ሱብሐነላህ፣ ሱብሐነላህ ሲሉ ይሰማኛል። ቁርኣን በምድር ላይ ተጉዘን እንድናስተውል ያሳስበናልና፣ እንዲህ ያለውን ፍጥረት እያዩ ልብ ካልተነካ መቼ ሊነካ ነው?

አስጎብኚዋ ግን ፎቶግራፍ አላነሳችም። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ትንሽ ቢጫ ባንዲራ በእጇ የማይለያት ልጅ ናት። ልጃችን በቻይንኛ ስለሚያናግራት ለእኛ ከሌሎቹ ይልቅ ታወራ ነበር። «የምታዩት የተራራውን ትከሻና ራሱን ብቻ ነው፤ እግሩ ከታች ነው» አለችው። ልጄ ተረጎመልኝ። በገደሉ ላይ በነጭ ሰሌዳ የተጻፈ 175 የሚል ቁጥር አሳየችን። በ175 ሜትር ከፍታ ላይ የውኃው ጣሪያ ነው ማለት ነው። ግድቡ በየዓመቱ በመጸው እስከዚያ ይሞላል። ከበጋው ዝናብ በፊት ደግሞ ለጎርፉ ቦታ እንዲኖር ወደ 145 ሜትር ይወርዳል። በዚያ ጊዜ በሁለቱም ዳር 30 ሜትር ከፍታ ያለው ሣር ያልበቀለበት የራቆተ መሬት ይታያል። እኛ የሄድነው በሞላበት ሰሞን ስለነበር ዳርቻው ሁሉ ያማረ ነበር።

ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለን ፌንግጄ የምትባል ከተማን አልፈናል። ነጫጭ ፎቆቿ በኮረብታው ላይ ተደርድረዋል። ልጅቱ የዚያች አገር ልጅ ናት። ግን ያቺ የምትታየው ከተማ አይደለችም የእሷ። የእሷ ፌንግጄ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈርሳለች። እሷ ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከወንዙ እስከ ከተማው በር በሚወጣው ረጅም የድንጋይ ደረጃ ላይ በቀርከሃ ዘንግ ዕቃ የሚሸከሙ ሰው ነበሩ። ቤታቸው ከደረጃው አጠገብ ነበር። ቤቶቹ ሲፈርሱ ሰዉ ጡቡን፣ መዝጊያውን፣ የመስኮቱን ብረት ሳይቀር እያወጣ ሸጠ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 ውኃው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 135 ሜትር ሲነሳ እሷና ጓደኞቿ ከላይ ቆመው ያዩ ነበር። እንደ ጎርፍ አልመጣም አለች። ቀስ እያለ ደረጃውን አንድ በአንድ ሸፈነው።

«አዲሱ ቤት እንዴት ነው?» አልኋት በልጄ በኩል። ደህና ነው አለች። ቧንቧ አለው፣ መጸዳጃ ቤቱ ከውስጥ ነው፣ እናቷ ይወዱታል። አባቷ ግን ሥራ አጡ። ደረጃው ከሌለ ተሸካሚ ምን ያደርጋል? መንገዱ እስከ ውኃው ዳር ስለደረሰ ዕቃውን መኪና ይወስደዋል።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ቢፈቅድልኝ ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። የአባቴ አገር ቆቃ ነው። የቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሣ ገንዘብ በአዋሽ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሲያልቅ ሐይቁ የተኛበት መሬት የከብት ግጦሽና የሰው መንደር ነበር። አባቴ የተወለዱበት ግቢና የአያቴ መቃብር በውኃው ሥር ቀርተዋል። ከሞጆ ወደ መቂ በአውቶቡስ ስንሄድ ሌላው ተሳፋሪ ሐይቁን እያየ ሲያደንቅ፣ ዓሣ ግዙ የሚሉት ልጆች መስኮቱን ሲያንኳኩ፣ አባቴ በመቀመጫቸው ሆነው ፋቲሓ ይቀሩ ነበር። እኛ ልጆቹ ለመንገዱ ደኅንነት የሚያደርጉት ዱዓ ይመስለን ነበር። ለማን እንደሚቀሩ የነገሩን ካደግን በኋላ ነው። ሌላም ነገር ይሉ ነበር፤ የመብራቱ ሽቦ በመንደራቸው አናት ላይ እያለፈ አዲስ አበባ ሲገባ፣ እነሱ ከሥሩ ኩራዝ እያበሩ ብዙ ዘመን ቆዩ። ይህን ሲሉ ግን ተቆጥተው አያውቁም። መብራቱም ለሰው ነው ይሉ ነበር።

ስለዚህ በቹታንግ ሸለቆ መውጫ ላይ ያቺ ልጅ ስትናገር እኔ የሰማሁት ከሌሎቹ ተጓዦች በተለየ ጆሮ ነው። ባለቤቴም ገብቷታል፤ አየችኝና ዝም አለች።

ማታ ከራት በኋላ ነገሩ በቡድኑ መካከል መነጋገሪያ ሆነ። ከመካከላችን አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ነበሩና አኃዙን ያውቁታል። ሐሳቡን ሱን ያት ሰን የተባሉት መሪ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። የአገሪቱ ምክር ቤት ድምፅ የሰጠበት ደግሞ በሚያዝያ 1992፤ 1,767 ሰዎች ሲደግፉ 177 ተቃወሙ፣ 664 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። በዚያ ምክር ቤት ይህን ያህል ሰው ድጋፉን መንፈጉ ያልተለመደ ነገር ነበር። ሥራው በ1994 መጨረሻ ተጀመረ። ከቦታቸው የተነሱት ሰዎች 1.3 ሚሊዮን ገደማ ናቸው። ከእነሱ ብዙዎቹ እዚያው ከፍ ብለው ሰፈሩ፤ ሌሎቹ እስከ ሻንጋይና ጓንግዶንግ ድረስ ተወሰዱ። የሌላ አገር ንግግር፣ የሌላ አገር ምግብ፣ የሌላ አገር እርሻ ማለት ነው።

መሐንዲሱ ግድቡን የሚነቅፉ ሰው አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1954 ያንግትዜ ሞልቶ ከ30 ሺህ በላይ ሰው መሞቱን አስታወሱን፤ በ1998 የደረሰውንም ጎርፍ በቴሌቪዥን አይተውታል። «ታች ያለው ሰው ሕይወት ነው፣ ላይ ያለው ሰው ቤት ነው፤ የቱ ይበልጣል?» አሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር፣ ታች ያለው ሰው ላይ ያለውን ሰው አያውቀውም።

ሴቶቹ የጠየቁት ግን ስለ መቃብር ነው። ልጅቱ ቀን ላይ፣ ከመነሳታቸው በፊት የአያቷን አፅም በሸክላ ማሰሮ አድርገው ወደ ላይ እንደወሰዱ፣ የሴት አያቷን መቃብር ግን ፈልገው እንዳላገኙት ነግራን ነበር። እኛ ዘንድ ዑለማዎች ያለ በቂ ምክንያት መቃብር መቆፈርን እንደማይፈቅዱ ታውቃላችሁ። ታዲያ ውኃ የሚመጣበት መቃብር እንዴት ይሆናል? ይነሳ ወይስ ይተው? ኢማማችን የነበሩት ሽማግሌ ረጅም ጊዜ አሰቡና፣ ይህ አገሩን የሚያውቅ ዓሊም የሚጠየቅበት ጉዳይ ነው እንጂ በመርከብ ላይ የሚመለስ አይደለም አሉ። ለእኔ ይህ መልስ ከብዙ ረጅም መልሶች ይበልጥብኛል። የአባቴን እናት ማንም አላነሳቸውም። ያሉበትን አላህ ያውቀዋል።

በአራተኛው ቀን ሌሊት ግድቡ ጋ ደረስን። መርከብ እንዴት ከግድብ እንደሚወርድ ያላየ ሰው ቢነገረውም አያምንም። አምስት ታላላቅ ገንዳዎች እንደ ደረጃ ተያይዘዋል። እያንዳንዱ 280 ሜትር ርዝመትና 34 ሜትር ስፋት አለው። መርከቦቹ በአንድ ገንዳ ውስጥ ጎን ለጎን ይታጨቃሉ፤ የብረቱ በር ከኋላ ይዘጋል፤ ውኃው ይለቀቃል፤ ግንቡ በሁለቱም ወገን ወደ ላይ የሚያድግ ይመስላችኋል። ከዚያ የፊቱ በር ይከፈትና ወደሚቀጥለው። ሰዓታት ይፈጃል። ልጆቹ እንቅልፍ እምቢ ብለው እርጥቡን ግንብ በጣታቸው ለመንካት ይንጠራሩ ነበር። ትንንሽ መርከቦችን በአንድ ጊዜ የሚያወርድ ግዙፍ አሳንሰርም በ2016 ሥራ ጀምሯል።

ጠዋት ላይ ግድቡን ከኮረብታ ላይ ሆነን አየነው። ርዝመቱ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የማመንጨት አቅሙ 22,500 ሜጋ ዋት ሲሆን በዓለም የሚስተካከለው የለም። በጭጋጉ ውስጥ መጨረሻው አይታይም። መሐንዲሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «የእናንተስ ግድብ እንዴት ሆነ?» አሉኝ። ያኔ የእኛ ገና በሥራ ላይ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ አልቆ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። በማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነውና የእነሱን አንድ አራተኛ አያህልም፤ በሚይዘው ውኃ ግን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ የእነሱን 39 ቢሊዮን በሰፊው ይበልጣል። በምርቃቱ ቀን እኛ ቤትም እንደ ሌላው ሁሉ ደስታ ነበር፤ ቡና ተፈላ፣ ልጆቹ ባንዲራ ያዙ። እኔም ደስ ብሎኛል፣ ቦንድ የገዛሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ያን ቀን በጉሙዝ አገር ከወንዙ ዳር ተነስተው ሌላ ቦታ የሰፈሩትን ቤተሰቦች አሰብኋቸው። ከእነሱ ሽማግሌዎች አንዱ ወደፊት ልጆቹን ይዞ በዚያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄድ ምን ያሳያቸው ይሆን? ጎብኚ መምጣቱ አይቀርም። ደሴቶቹ ያማሩ ናቸው ይባላል።

ጉዞው ያለቀው ዪቻንግ ላይ ነው። ሻንጣ በሚወርድበት ግርግር መካከል ባለቤቴ የቀራትን ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልላ ለአስጎብኚዋ ሰጠቻት። የእሷም አገር ሰዎች ቃሪያ ይወዳሉና አሽትታ ሳቀች። ከዚያ ባለቤቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሆዷ የያዘችውን ጥያቄ ልጃችን እንዲጠይቅላት አደረገች፤ ከቤትሽ በላይ በምታልፊበት ጊዜ ምን ታደርጊያለሽ?

ልጅቱ ጥያቄውን ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። በሳምንት ሁለት ጊዜ እንደምታልፍ ነገረችን፤ አንድ ጊዜ ስትወርድ፣ አንድ ጊዜ ስትወጣ። ስትወጣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ስለሚሆን ተኝታ ነው የምታልፈው። ስትወርድ ደግሞ ጠዋት ነው፤ ያን ሰዓት ሰዎቹ ሁሉ ሰገነቱ ላይ መውጣታቸውን፣ ሕፃን ከአጥሩ አለመጠጋቱን ማየት አለባት። «እናንተን ስቆጥር ነው የምናልፈው» አለች። ቢጫ ባንዲራዋን አነሳችና ወደ ላይ ከሚሄደው አዲስ ቡድን ጋር ለመገናኘት ወደ ሌላው መወጣጫ ሄደች።